ጀርባውን አጥፋልኝ፦ ስለ ቦኬ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

«አቦ፣ ጀርባውን ብለር አድርግልኝ!» ድሬዳዋ ውስጥ ካሜራ አንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው ይህችን ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። ጥያቄው ክፋት የለውም። ሰው ጎልቶ፣ ከኋላው ያለው ለስለስ ብሎ ሲታይ ደስ ይላል። እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁት ያንን መልክ ወድጄ ነው። ግን ስለ ብለር ከምናወራው ብዙው ልክ አይደለም። አንዳንዱ ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጥሩ ፎቶ ያበላሻል።

«ቦኬ ማለት ብለር ነው፤ ሲበዛ ጥሩ ነው»

ቃሉ የጃፓን ነው፤ መደብዘዝ፣ ብዥ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የተስፋፋው አንድ የአሜሪካ የፎቶ መጽሔት በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዳዩ ጽሑፎች ካወጣ በኋላ ነው። ለመጠኑማ ብለር የሚል ቃል ነበራቸው። ያልነበራቸው የብለሩን ጠባይ የሚገልጽ ቃል ነው፦ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ? ዓይን ያሳርፋል ወይስ ይረብሻል? ስለዚህ ብዙ ብለር ያለው ፎቶ መጥፎ ቦኬ ሊኖረው ይችላል። ጥቂት ብለር ያለውም ቦኬው ሊያምር ይችላል።

«1.8 ሌንስ ካለህ ጀርባው በራሱ ይጠፋል»

አይጠፋም። 1.8 የሌንሱ ኤፍ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ መክፈቻ (አፐርቸሩ) ይሰፋል። አንድ ወጣት ባልደረባዬ 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ገዝቶ ሐረር ለሰርግ ይዞት ሄደ። ሙሽራዋን ጀጎል ውስጥ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አስደግፎ አነሳት። አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። የግድግዳው ስንጥቅ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሌንሱ ችግር አለበት ብሎ ደወለልኝ። ሌንሱ ምንም አልሆነም። ሙሽራዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማ ሌንሱ ግድግዳውን ለብቻው በምን ያደብዝዘው?

ሒሳቡ ቀላል ነው። በዚያው ሌንስ፣ በ1.8፣ ከ2 ሜትር ርቀት አንድ ሰው ታነሳላችሁ እንበል። ግድግዳው ከኋላው 30 ሳንቲሜትር ላይ ሲሆንና 3 ሜትር ላይ ሲሆን የብለሩ መጠን ከ4 እጥፍ በላይ ይለያያል። ለውጡ ሰውየው አራት እርምጃ ያህል ወደፊት መምጣቱ፣ እናንተም በዚያው ልክ ማፈግፈጋችሁ ብቻ ነው። የጀጎል መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ አግድም ስታነሱ ይህን ቦታ አታገኙም። መንገዱን በርዝመቱ ተጠቀሙበት። ሰውየው መሀል ይቁም፣ መንገዱ ከኋላው ይዝለቅ።

ሌላም አለ። ጀርባው በጣም ሩቅ ሲሆን፣ ሰውየውም ፎቶው ውስጥ በእኩል መጠን ሲታይ፣ የብለሩን መጠን የሚወስነው የሌንሱ መክፈቻ ስፋት ነው። ስፋቱን ለማግኘት የሌንሱን ሚሊሜትር ለኤፍ ቁጥሩ አካፍሉት። 50 ለ1.8 ሲካፈል 28 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። 250 ለ5.6 ሲካፈል 45 ገደማ ነው። ብዙ ሰው «ለብለር አይሆንም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የወረወረው ርካሹ 55-250 ዙም፣ ራቅ ብላችሁ ከቆማችሁ፣ ሩቁን ጀርባ ከ50ው የበለጠ ያለሰልሰዋል። አዲስ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት መሳቢያችሁን ፈትሹ።

«መብራቱ ክብ ክብ ከሆነ ቦኬው አሪፍ ነው»

ይህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቦኬ የሚለየው እዚህ ነውና።

ከፎከስ ውጭ ያለ እያንዳንዱ የብርሃን ነጥብ ክብ ይሆናል። ክቡን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጠርዙ ቀስ እያለ ከሠረገ ለስላሳ ነው። ጠርዙ ላይ እንደ ቀለበት የደመቀ መስመር ካለው ግን ሻካራ ነው። ፎከስ ላይ በጣም ጥርት እንዲል የታረመ ሌንስ አንዳንዴ ከፎከስ ውጭ ብርሃኑን ወደ ክቡ ጠርዝ ይሰበስበዋል። ውድ ሌንስም ከዚህ አያመልጥም። ክቡ ውስጥ እንደ ተከተፈ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ላይ ከታየ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በሻጋታ የተሠራ ልዩ ቅርጽ ያለው መስታወት ነው። ሻጋታው ላይ የቀሩ ጥቃቅን ጭረቶች ወደ ፎቶው ይመጣሉ።

አንድ መብራት ላይ ቀለበቱ ቀላል ነገር ይመስላል። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሰው አቁሙና ሞክሩት። ፀሐዩ በቅጠሉ መሀል ይንጠባጠባል። እያንዳንዷ ቀዳዳ ቀለበት ትሆናለች፣ እያንዳንዷ ጭራሮ ሁለት መስመር ትሆናለች። ጃፓኖች ለዚህም ስም አላቸው፤ «ሁለት መስመር» ይሉታል። ጀርባው ደብዝዟል፣ ግን ይንጫጫል። ዓይናችሁ ፊቱን ትቶ ቅጠሉ ጋ ይሄዳል። እኔ እዚያ ሰዓት ላይ ሰውየውን አዞረውና ጀርባውን ጥላ ያለበት ግንብ አደርገዋለሁ። ሌንስ መቀየር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ጀርባ መቀየር ይበቃል።

ጥግ ጥግ ላይ ያሉት ክቦች እንደ ድመት ዓይን ሞላላ የሚሆኑት ደግሞ የሌንሱ ቱቦ ከጎን የሚገባውን ብርሃን ስለሚቆርጠው ነው። አፐርቸሩን ትንሽ ስትዘጉት ይሻሻላል። የራሳችሁን ሌንስ ለማወቅ ማታ የሱቅ አምፖሎች ሲበሩ ውጡ። እጃችሁ ፊት ላይ ፎከስ አድርጉና በ1.8፣ በ2.8 እና በ4 አንሱ። አንድ አምፖል መሀል፣ አንዱ ጥግ ላይ ይሁን። ሦስት ፎቶ ስለ ሌንሳችሁ ሁሉን ይነግራችኋል።

«ምላጩ ሲበዛ ቦኬው ያምራል»

አፐርቸሩን የሚዘጉት ምላጮች ክቡን የሚቀርጹት ሲዘጉ ብቻ ነው። የድሮው የካኖን 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ አምስት ምላጭ ስላለው ትንሽ ሲዘጋ መብራቱ ባለ አምስት ማዕዘን ይሆናል። አዲሱ 7 ክብ የሆኑ ምላጮች አሉት። ሁለቱም በ1.8 ሙሉ ክብ ይሰጣሉ። እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ የምታነሱ ከሆነ ይህን ቁጥር እርሱት።

«የስልክ ፖርትሬት ሞድ ያው ነው»

ያው አይደለም፤ ግን መናቅም የለበትም። የስልክ ሌንስ መክፈቻ በጥቂት ሚሊሜትር የሚለካ ነው። ስለዚህ ስልኩ ሰውየውን ከጀርባው በስሌት ለይቶ ብለሩን ራሱ ይሠራዋል። አይፎን 7 ፕላስ በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን ካመጣ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። የሚቸገረው ጠርዝ ላይ ነው። ነጠላ ጫፍ ላይ ያለውን ዘርፍ፣ ከሻሽ ያመለጠ ፀጉር፣ ስስ ሻርፕ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ጋር አብሮ ያጠፋዋል። ልብሱ ሜዳ፣ ጀርባው ሩቅ ሲሆን ግን ጥሩ ይሠራል። ሰርግ ላይ እናቶችን በስልክ ስታነሱ ሞዱን አጥፍታችሁ አንድ ተጨማሪ አንሱ። የነጠላው ጥለት እንዲተርፍ ብላችሁ አድርጉት።

«ጀርባው ጨርሶ ካልጠፋ ፎቶው አልተሳካም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሙሽሮች ከድሬ ተነስተው ወደ ሐረር የሚወጡት ለጀጎል ብለው ነው። ግንቡ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ዩኔስኮ መዝግቦታል። እንዲህ ያለ በር ሥር አቁመን በ1.8 ወደ ቡናማ ጭጋግ ስንቀይረው ለምን መጣን?

አንድ ጊዜ የሠራሁትን አልበም ለሙሽራዋ እናት አሳየኋቸው። ገጽ በገጽ ገለጡና «ልጄ፣ በሩ የታለ?» አሉኝ። የልጃቸው ፊት ጥርት ብሏል፤ በሩን ግን እኔ አጥፍቼዋለሁ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ በሩ ጋ ስደርስ ወደ 4 ወይም 5.6 እዘጋለሁ። ሰዎቹን ከበሩ ስድስት ሰባት ሜትር ያህል ወደፊት አመጣለሁ። ድንጋዩ አይቆጠርም፤ ሰው ሲያልፍ ፊቱ አይለይም። የበሩ ቅስት ግን ይነበባል። ከዚያ ለራሳቸው ደስታ አንድ ሁለቱን በ1.8 እጨምርላቸዋለሁ።