የባለመሬቶች የአደን ፈቃድና የአሜሪካ ግዛቶች የዱር እንስሳት ጥበቃ ገቢ

በዩናይትድ ስቴትስ የባለመሬት የአደን ፈቃድ የሚባለው፣ የእርሻ፣ የግጦሽ ወይም የደን መሬት ያለው ሰው ከሌላው አዳኝ በተለየ ሁኔታ፣ ማለትም በነጻ፣ በቅናሽ ወይም ቁጥራቸው የተወሰነ ፈቃዶች ለአዳኞች ከሚታደሉበት አጠቃላይ ዕጣ ውጪ የሚያገኘው የማደን መብት ነው። ዝርዝሩም ስያሜውም ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሁሉም ግን አንድን የገንዘብ ምንጭ ይነካሉ። የየግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጠባቂዎችን የሚቀጥረው፣ እንስሳቱን የሚቆጥረውና መኖሪያቸውን የሚንከባከበው በአብዛኛው ከግዛቱ አጠቃላይ በጀት ሳይሆን አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ከሚከፍሉት የፈቃድ ክፍያና ይህ ክፍያ ከሚያስከትለው የፌዴራል ድጋፍ ነው።

የፈቃዱ መነሻ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ያለ አንድ መከፋፈል ነው። መሬቱ የግል ሊሆን ይችላል፤ በላዩ የሚግጠው አጋዘን ወይም ኤልክ (ግዙፍ የአጋዘን ዓይነት) ግን የመሬቱ ባለቤት ንብረት አይደለም። የዱር እንስሳት የሕዝብ ሀብት ናቸው፣ ግዛቱም ስለ ሕዝቡ ይጠብቃቸዋል የሚለው አስተሳሰብ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1896 ውሳኔ (እዚህም ሆነ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በጊርና በኮነቲከት ክርክር ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ፍርድ ቤቱ በ1979 በሂዩዝና በኦክላሆማ ክርክር የግዛት ባለቤትነት የሚለውን ሐሳብ ቢሽረውም፣ ግዛቶች አደንን የመቆጣጠር ሥልጣናቸው ጸንቶ ቆይቷል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ስላደረገው እንዲህ ያለው ጥያቄ በዚህ መልኩ አይነሳም፤ በአሜሪካ ግን የአንዱ ሣር የሌላውን እንስሳ ይመግባል፤ ክርክሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ባለመሬቱ የሚያቀርበው ቅሬታ ቀላልና እውነተኛ ነው። ኤልክ በክረምት ከተራራ ወርዶ ለከብት የተከመረ ድርቆሽ ይበላል፣ አጥር ይጥላል፤ አጋዘን አዝመራ ያበላሻል። እንስሳቱ የሕዝብ ከሆኑ ሕዝቡ ለቀለባቸው ምን ይከፍላል? ግዛቶች ለዚህ ጥያቄ በጥሬ ገንዘብ ከመመለስ ይልቅ ከሁሉ አስቀድሞ በእጃቸው ባለው ነገር፣ በፈቃድ፣ መመለስን መርጠዋል። ፈቃድ ለማተም ምንም አያስወጣም፤ ወጪው የሚታየው ዘግይቶ ነው።

ከሁሉም የቀደመውና የተስፋፋው መንገድ ባለመሬቱን ከነጭራሹ ከፈቃድ ነጻ ማድረግ ነው። በኦሃዮና በቨርጂኒያ የመሬቱ ባለቤትና የቅርብ ቤተሰቡ በራሳቸው መሬት ላይ ለማደን ፈቃድ መግዛት አይጠበቅባቸውም። ሚዙሪ በበኩሏ ፈቃዱን ትሰጣለች፣ ነገር ግን ቢያንስ 10 ኤከር (4 ሄክታር ገደማ) መሬት ላለው የግዛቱ ነዋሪ የአጋዘንና የዱር ተርኪ (ትልቅ ወፍ) ፈቃድ በነጻ ነው። በዋዮሚንግ ደግሞ ቁም ነገሩ ዋጋው ሳይሆን ከዕጣ ማምለጡ ነው፤ ባለመሬቱ ቢያንስ 160 ኤከር (65 ሄክታር ያህል) ሊኖረው፣ እንስሳቱም በዓመት ውስጥ መሬቱን በድምሩ ለ2000 የእንስሳ ቀናት ተጠቅመውበት ሊሆን ይገባል። አንድ እንስሳ አንድ ቀን ቢውል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ያሟላ ባለመሬት ፈቃዱን ለራሱና ለቤተሰቡ ያገኛል፤ ለሌላ ሰው ግን መሸጥ አይችልም።

የነጻው ፈቃድ በግዛቱ ገቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መጠን የሚገባን የ1937ቱን የፒትማንና ሮበርትሰን ሕግ ስንመለከት ነው። ሕጉ ስሙን ያገኘው ከኔቫዳው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ኪ ፒትማንና ከቨርጂኒያው ተወካይ ዊሊስ ሮበርትሰን ሲሆን፣ የፈረሙት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ፣ በሽጉጥ ላይ 10 በመቶ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ከአምራቾችና ከአስመጪዎች ተሰብስቦ ለግዛቶች ይከፋፈላል፤ በቅርብ ዓመታት ክፍፍሉ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። ለዱር እንስሳት የሚውለው ዋናው ክፍል በሁለት መስፈርት ይመደባል፤ ግማሹ በግዛቱ የቆዳ ስፋት፣ ግማሹ ደግሞ ከፍለው ፈቃድ በያዙ አዳኞች ቁጥር። ከፍለው የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። አንድ ሰው በቆጠራው ለመግባት የያዘው ፈቃድ ለግዛቱ አነስተኛም ቢሆን ገቢ ማስገኘት አለበት። በነጻ የታደለ ፈቃድ አይቆጠርም፤ ጭራሹን ያልተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ሊቆጠር አይችልም።

በዚህ የተነሳ ነጻ ፈቃድ የሚሰጥ ግዛት ሁለት ጊዜ ያጣል፤ አንዴ የፈቃዱን ዋጋ፣ ሌላ ጊዜ ባለመሬቱ ቢቆጠር ኖሮ ከፌዴራሉ ድርሻ ያገኝ የነበረውን። ሦስተኛም አለ ማለት ይቻላል። የፌዴራሉ ገንዘብ ከአንድ ፕሮጀክት ወጪ እስከ 75 በመቶ ብቻ ስለሚሸፍን ግዛቱ ቀሪውን 25 በመቶ ከራሱ ማምጣት ይኖርበታል፤ ለዚህ የሚውለው ብዙውን ጊዜ የፈቃድ ገቢ ነው። ከግዛቱ ካዝና የሚወጣ 1 ዶላር 3 የፌዴራል ዶላር ስለሚስብ፣ የግዛቱ ገንዘብ ካነሰ የተመደበለትን ድርሻ እንኳ አሟጦ ሊጠቀም አይችልም። ሕጉ በዚህ ላይ የፈቃድ ገቢ ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ሥራ ውጪ እንዳይውል ግዛቶችን በሕግ አስሯል። የገቢው ቀዳዳ ግን በወጪ በኩል ብቻ አይደለም፤ በነጻ ማደልም ያው ቀዳዳ ነው፣ እርሱን ደግሞ ሕጉ አልደፈነውም።

ስሌቱን ግን ማጋነን አይገባም። የፌዴራሉ ድርሻ በግዛቶች መካከል የሚከፋፈል የተወሰነ ገንዘብ በመሆኑ አንዱ ግዛት ያላስቆጠረው አዳኝ ድርሻ ለሌሎቹ ይሄዳል እንጂ ከአገሪቱ ጥበቃ አይጠፋም። በተጨማሪም ከፈቃድ ነጻ የሆነ ባለመሬት ሁሉ ክፈል ቢባል ይከፍላል ብሎ ማሰብ ትክክል አይሆንም፤ አንዳንዱ አደኑን ይተዋል፣ አንዳንዱም ሳይከፍል ማደኑን ይቀጥላል። በሌላ በኩል ብዙ ባለመሬቶች ከመሬታቸው ውጪ ለማደን መደበኛውን ፈቃድ ስለሚገዙ በቆጠራው ውስጥ አስቀድመው አሉ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው መረጃው ሊሆን ይችላል፤ ፈቃድ የማይጠየቅ አዳኝ በመዝገብ ላይ አይታይም፤ ስንት ሰው እንደሚያድን ያላወቀ መሥሪያ ቤት ስንት እንስሳ ሊገደል እንደሚችል መገመት ይከብደዋል። ኦሃዮ ባለመሬቶቹ ፈቃድ ባይገዙም የገደሉትን አጋዘን እንዲያስመዘግቡ የምታስገድደው ለዚህ ነው።

ሚዙሪ በነጻ ማደሉን የምትችልበት የተለየ ምክንያት አላት። የግዛቱ መራጮች በ1976 ባጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት ከእያንዳንዱ ሽያጭ የአንድ በመቶ አንድ ስምንተኛ ለጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይገባል፤ ከገቢውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ታክስ ነው። ይህን የመሰለ ምንጭ የሌለው ግዛት የሚዙሪን ልግስና ቢቀዳ ጉድለቱ ወዲያው ይታየዋል።

በምዕራብ ግዛቶች የተለመደው የሚተላለፍ ፈቃድ በሌላ መንገድ ይሠራል። ኒው ሜክሲኮ ለባለመሬቶች በኤልክ ቀጣና ውስጥ ባላቸው ይዞታ መጠንና ጥራት የፈቃድ መግዣ ማረጋገጫ ትሰጣለች፤ ባለመሬቱ ማረጋገጫውን ለፈለገው አዳኝ በተስማሙበት ዋጋ ይሸጣል፣ አዳኙም እርሱን ይዞ ፈቃዱን ከግዛቱ በሕግ በተወሰነው ዋጋ ይገዛል። ማረጋገጫው በዚያ ይዞታ ላይ ብቻ የሚያገለግል ሊሆን ይችላል፤ ወይም ባለመሬቱ መሬቱን ለሌሎች አዳኞች ከከፈተ በመላው የአደን ክልል፣ የሕዝብ መሬትን ጨምሮ፣ ይሠራል። በዕጣ ከሚወጡት ፈቃዶች 84 በመቶው ለነዋሪዎች፣ 10 በመቶው በአደን አስጎብኚ ለሚመጡ፣ 6 በመቶው ከሌላ ግዛት ለሚመጡ የተመደበ ሲሆን፣ የባለመሬቶቹ ማረጋገጫ ከዚህ ክፍፍል ውጪ ነው።

በዚህ አሠራር የግዛቱ ካዝና የግድ አይጎዳም። እንዲያውም ከሌላ ግዛት የሚመጣ አዳኝ የሚከፍለው የፈቃድ ዋጋ ከነዋሪው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ (በኮሎራዶ የነዋሪው የኤልክ ፈቃድ ከ100 ዶላር በታች ሲሆን የእንግዳው ከ600 ዶላር በላይ ነው)፣ ማረጋገጫውን የገዛው እንግዳ ከሆነ ግዛቱ በዕጣ ለነዋሪ ከሚሰጠው የበለጠ ያገኛል። ግዛቱ የማያገኘው በማረጋገጫው ገበያ ዋጋና በመደበኛው ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ እርሱ ወደ ባለመሬቱ ኪስ ይገባል። የሚከፍለው ሌላው ወገን ዕጣ ሲጠብቅ ዓመታት የሚያልፉበት ተራ ነዋሪ ነው፣ እርሱ የሚያጣው ግን በገቢ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ኮሎራዶም 160 ኤከርና ከዚያ በላይ የእርሻ መሬት ላላቸው ሰዎች የሚተላለፍ ቫውቸር ትሰጣለች፤ ነገር ግን ባለመሬቱ በቀጥታ ለአዳኙ እንጂ በደላላ በኩል እንዳያስተላልፈው ከልክላለች።

ከገቢው ጎን ያልወጣው ወጪም መታሰብ አለበት። 80 በመቶ ገደማ መሬቷ በፌዴራል መንግሥት እጅ ያለባት ኔቫዳ፣ አጋዘን ወይም ፕሮንግሆርን (ሚዳቋ መሰል የሰሜን አሜሪካ እንስሳ) ለሚያስቸግረው ባለመሬት በይዞታው ላይ ለተቆጠሩ 50 እንስሳት አንድ የማካካሻ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ባለመሬቱም ሊሸጠው ይችላል። ኮሎራዶና ዋዮሚንግ የእንስሳት ጉዳትን በጥሬ ገንዘብ የመካስ ግዴታ ካለባቸው ጥቂት ግዛቶች መካከል ስለሆኑ፣ በእነርሱ ዘንድ ባለመሬቱን በፈቃድ ማስደሰት የካሳ ጥያቄን ሊቀንስ ይችላል። ዋዮሚንግ ከዚህ ሌላ የቆየ ዘዴ አላት፤ በግል መሬት ላይ አጋዘን፣ ፕሮንግሆርን ወይም ኤልክ የገደለ አዳኝ ከፈቃዱ ላይ ኩፖን ቆርሶ ለባለመሬቱ ይሰጣል፣ ባለመሬቱም ከመሥሪያ ቤቱ 16 ዶላር ይቀበልበታል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከአዳኙ ክፍያ ለመሬቱ ባለቤት የሚደርሰው ድርሻ ስንት እንደሆነ ከዚህ ይበልጥ በግልጽ የሚያሳይ ሌላ አሠራር የለም።

ቴክሳስ ከሁሉም የተለየች ናት። ከ90 በመቶ በላይ መሬቷ የግል በመሆኑ አደን በአብዛኛው የሚካሄደው ከባለመሬት በሚከራይ ቦታ ላይ ነው፤ ባለመሬቱ ግን በራሱ መሬት ሲያድንም እንደማንኛውም ሰው ፈቃድ ይገዛል፣ መሬቱን ለአደን ካከራየም እንደ ስፋቱ የሚጨምር ሌላ ፈቃድ ያወጣል። የሚገርመው፣ አንድ ግዛት ከፌዴራሉ ድርሻ ከ5 በመቶ በላይ እንዳያገኝ ሕጉ ስለገደበና ቴክሳስ ከአላስካ ጋር ጣሪያው ላይ ስለደረሰች፣ እያንዳንዱን ባለመሬት አስከፍላ ማስቆጠሯ ከዋሽንግተን ተጨማሪ ሳንቲም አያመጣላትም። የምታገኘው የፈቃዱን ዋጋ ብቻ ነው።