አንቲኦክሲዳንትና የልብ ጤና፦ ከሳህኑ ወይስ ከኪኒኑ?

አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ፍሪ ራዲካል የተሰኙ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች በሰውነት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት የሚገቱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከምግብ የምናገኛቸው ዋና ዋናዎቹ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲንና በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙት ፖሊፌኖል የተባሉ ውህዶች ናቸው። ብርቱካን፣ ካሮት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ለውዝ፣ ሻይና የወይራ ዘይት ውስጥ በተለያየ መጠን ይገኛሉ።

ከልብ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የደም ቧንቧ ግድግዳ ነው። መጥፎ ኮሌስትሮል የምንለው ኤልዲኤል ደም ውስጥ ሲበዛ ወደ ግድግዳው ሰርጎ ይገባል። እዚያ በፍሪ ራዲካሎች ይጠቃና ኦክሲዳይዝ ይሆናል፤ ማለትም ይበላሻል። ነጭ የደም ሴሎች ይህን የተበላሸ ኤልዲኤል ይውጡታል። ሲውጡ ሲውጡ በስብ ይሞላሉ፤ እዚያው ይከማቻሉ፤ ቧንቧውም ይጠባል። ክምችቱ ድንገት ከተሰነጠቀ ደም ይረጋበታል። የረጋው ደም ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደውን መንገድ ሲዘጋ ሃርት አታክ የሚባለው ይከሰታል።

አሜሪካዊው ሐኪም ዳንኤል ስታይንበርግና ባልደረቦቹ የቧንቧው ጉዳት ከኤልዲኤል ኦክሲዳይዝ መሆን ይጀምራል የሚለውን ይህን መላምት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጽሑፍ ሰፊ ትኩረት እንዲያገኝ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ኦክሲዴሽኑን የሚገታ ቫይታሚን ብንሰጥ በሽታውን እናስቆመዋለን። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶችም ተስፋውን አጠናከሩት። ቫይታሚን ኢ አዘውትረው የሚወስዱ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ታየ። ግን ቫይታሚን የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ስፖርት የሚሠራ፣ ሲጋራ የማያጨስ፣ ለጤናው የሚጨነቅ ሰው ነው። ታዲያ የጠቀመው ኪኒኑ ነው ወይስ አኗኗሩ?

ይህን የሚለየው ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለገሚሱ ቫይታሚን፣ ለገሚሱ ባዶ ኪኒን የሚሰጥ ሙከራ ነው። ውጤቱ አሳዛኝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሆፕ የተባለው ጥናት ከ9,500 በላይ ሰዎችን አሳትፎ ቫይታሚን ኢ ልብን እንዳልጠቀመ አሳየ። በ2002 ደግሞ በብሪታንያ 20,536 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ቫይታሚን ኢ፣ ሲና ቤታ ካሮቲን በአንድ ላይ ለአምስት ዓመት ተሰጥተው ለውጥ አላመጡም። የከፋው የፊንላንዱ ነው። 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበትና በ1994 ይፋ በሆነው በዚህ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ሊሆን የሚችለው ቫይታሚን ኢ ብቻውን አለመሥራቱ ነው። ፍሪ ራዲካሉን ሲያከሽፍ ራሱ ራዲካል ይሆናል፤ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ደግሞ ቫይታሚን ሲ ነው። በዚያ ላይ ፍሪ ራዲካል ሁሌ ጠላት አይደለም። ነጭ የደም ሴሎች ጀርም የሚገድሉት በእሱ ነው። ብዙዎቹ ተሳታፊዎችም ሙከራው ሲጀመር ቧንቧቸው ለዓመታት የተጎዳ ነበር።

ምግቡ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ፍራፍሬና አትክልት በደንብ የሚበሉ ሰዎች የልብ ሕመማቸው አነስተኛ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። በስፔን የተካሄደውና ፕሬዲሜድ የተባለው ሙከራ፣ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝ የተጨመረበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ ሃርት አታክን፣ ስትሮክንና በልብ ሕመም መሞትን ባንድነት ሲታዩ በ30 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህን ሁሉ ለአንቲኦክሲዳንት ብቻ መስጠት አይቻልም። አትክልት ፋይበር አለው፤ ፖታሲየሙ የደም ግፊትን ያወርዳል። ለውዝና የወይራ ዘይትም የቅቤንና የሰባ ሥጋን ቦታ ይይዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ «አንቲኦክሲዳንት የበዛበት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሁሉ ለልብ ነው ማለት አይደለም። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ብዙ ቫይታሚን ኢ ከዚህ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደም የመፍሰስ አደጋን ስለሚጨምር፣ ኪኒኑን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።