ዝግ ሂሳብ ምንድን ነው? ገና ያልበረረ አየር መንገድ ትኬት ሲሸጥላችሁ

ለገና አገር ቤት የሚገባ ሰው ትኬቱን በነሐሴ ይቆርጣል። ገንዘቡ ያኔውኑ ከካርዱ ይወጣል። በረራው ግን ገና አራት ወር ይቀረዋል። በነዚህ አራት ወራት ገንዘቡ የት ነው ያለው? ትልልቆቹን አየር መንገዶች ይህን ጠይቀናቸው አናውቅም። ትናንት የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን ግን ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ዝግ ሂሳብ ማለት ተሳፋሪው የከፈለው ገንዘብ በባንክ ለብቻው የሚቀመጥበት ሂሳብ ነው። እስክሮው የሚሉትም አሉ። ሻጩ ድርጅት እንዳሻው አያወጣውም። ባንኩ የሚለቀው ውሉ ላይ የተጻፈው ሲሟላ ብቻ ነው። በረራው ከቀረ ገንዘቡ ለከፈለው ሰው ይመለሳል። በምሥረታ ላይ ካለ ባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ባንኩ ተመሥርቶ እስኪያልቅ የአክሲዮኑ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ ይቆያል፤ አደራጆቹ የቢሮ ኪራይ አይከፍሉበትም።

አየር መንገዶች ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይሠሩም። የትኬት ገንዘብ ገብቶ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። የዛሬው ነዳጅ የሚገዛው ከሦስት ወር በኋላ በሚበር ሰው ገንዘብ ሊሆን ይችላል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ይህ ገንዘብ ዕዳ ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ገቢ የሚሆነው ተሳፋሪው ሲበር ነው። ሥራው እስከሄደ ድረስ ማንም ልብ አይለውም።

ሥራው ሲቆም ምን እንደሚሆን አውስትራሊያዊው ቦንዛ አሳይቷል። በጃንዋሪ 2023 መብረር የጀመረ ርካሽ አየር መንገድ ነበር። ሌሎች ችላ ያሏቸውን ትንንሽ ከተሞች ያገናኝ ስለነበር ሰው ወዶታል። በኤፕሪል 30 ቀን 2024 በረራዎቹ በድንገት ተሰረዙ። ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ኤርፖርት የደረሱ ሰዎች እዚያው ነው የሰሙት። አውሮፕላኖቹ የኪራይ ስለነበሩ ወደ አከራዮቹ ተመለሱ። ትኬት የቆረጡት ደግሞ ዋስትና ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ተራ ተሰለፉ፤ ማለትም መያዣ ካላቸው አበዳሪዎች ኋላ። ትኬቱን ሲገዙ ለድርጅቱ ብድር እየሰጡ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። እኔን ከኪሳራው በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አሜሪካ ለአንድ ዓይነት በረራ ይህን ቀዳዳ በደንብ ዘግታዋለች። የራሱ አውሮፕላን ሳይኖረው ከሌላ አየር መንገድ ተከራይቶ መቀመጫ በመቀመጫ ለሕዝብ የሚሸጥ የቻርተር ድርጅት አለ እንበል። ይህ ድርጅት መሸጥ ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ያቀርባል። የሚያበረው አየር መንገድ ማን እንደሆነ ይናገራል። የተሳፋሪዎቹን ገንዘብም ወይ ሙሉ በሙሉ በዋስትና ቦንድ (ድርጅቱ ካልከፈለ ሌላ ወገን እንደሚከፍል በሚገባው ቃል) ይሸፍናል፣ ወይ አነስ ያለ ቦንድ ይዞ ገንዘቡን ባንክ ጋ በዝግ ሂሳብ ያስቀምጣል። ዝርዝሩ ደስ ይላል፦ በቼክ የሚከፍል ሰው ቼኩን በድርጅቱ ስም ሳይሆን ለዝግ ሂሳቡ ነው የሚጽፈው። ገንዘቡ አንዴም በድርጅቱ እጅ አያልፍም ማለት ነው።

ራሱ የሚበር አዲስ አየር መንገድም እዚያው አገር ፈቃድ ለማግኘት ላመለከተበት በረራ ማስታወቂያ ማውጣትም ሆነ የተሳፋሪ ቦታ መመዝገብ አይችልም፣ ማመልከቻው እስኪጸድቅ። ክፍያ የሚቀበለው ደግሞ ፈቃዱ በሥራ ላይ ሲውል ነው። በመሃል ማስታወቂያ ካወጣ፣ አገልግሎቱ የመንግሥት የሥራ ፈቃድ የሚጠብቅ መሆኑን እዚያው ላይ መጻፍ አለበት።

ካናዳ ውስጥ ኒውሊፍ የሚባል የዊኒፔግ ድርጅት የገጠመው ከዚህ ጋር ይያያዛል። በጃንዋሪ 2016 መጀመሪያ ላይ በጣም ርካሽ ትኬት ይዞ ብቅ አለ። አውሮፕላኖቹ ፍሌር የሚባል የሌላ አየር መንገድ ነበሩ፤ ኒውሊፍ ሻጭ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሻጭ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገው ወይስ አያስፈልገው የሚለውን የአገሪቱ ትራንስፖርት ኤጀንሲ ገና እያጣራ ነበር። ድርጅቱ ሽያጭ በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽያጩን አቆመና የሰዎቹን ገንዘብ መለሰ። ኤጀንሲው በማርች መጨረሻ ፈቃድ አያስፈልገውም አለ፣ ራሱን አየር መንገድ አስመስሎ እስካላቀረበ ድረስ። በጁላይ በረራው ተጀመረ። በዓመቱ ፍሌር ኒውሊፍን ገዛው።

ያን ጊዜ ገንዘቡ መመለሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰው ትኬት ከቆረጠ በኋላ ሳይሆን ከመቁረጡ በፊት ነበር የፈቃዱን ጉዳይ ማወቅ የነበረበት።

ገንዘቡን ሁሉ ዝግ ሂሳብ ውስጥ ካስገባን በምን እንሠራለን የሚሉ ጀማሪዎች አሉ። ጥያቄው እውነትነት አለው። ዝግ ሂሳብ ተጨማሪ ካፒታል ይጠይቃል፣ ትኬቱም ትንሽ ሊወደድ ይችላል። ነገር ግን የአሜሪካው መሥሪያ ቤት አዲስ አየር መንገድን ሲመዝን፣ ምንም ገቢ ባይገባ እንኳ የሦስት ወር ወጪውን የሚችል ገንዘብ እንዳለው ያያል። በኔ እምነት ይህን መያዝ ያልቻለ ድርጅት ትኬት መሸጥ የለበትም። የጀመረውን ሥራ አደጋ መሸከም ያለበት ባለሀብቱ እንጂ እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አይደለም።

ሌላም መንገድ አለ። እንግሊዝ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቶል የሚባል ሥርዓት አላት። የጉዞ ፓኬጅ ሻጮች ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ 2.50 ፓውንድ ለአንድ ፈንድ ያስገባሉ። ሻጩ ሲወድቅ ተመላሹ የሚከፈለው ከዚያ ነው። ከአየር መንገዱ በቀጥታ የተገዛ ትኬት ብቻውን ግን በዚህ አይሸፈንም፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ስለዚህ አዲስ ስም ያለው ድርጅት ርካሽ ትኬት ሲያቀርብላችሁ ፈቃዱ ወጥቷል ወይ፣ አውሮፕላኑን የሚያበረው ማን ነው፣ ገንዘቤ እስክበር ድረስ የትኛው ባንክ ነው የሚቀመጠው ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ድርጅት ይህን ሳትጠይቁት ጽፎ ያስቀምጠዋል። መልሱ ከተድበሰበሰና እናንተም መግዛት ግድ ከሆነባችሁ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። በረራው ከቀረ ገንዘቡ እንዲመለስላችሁ የካርዱን ባንክ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለትኬት ሻጩ በዜል (በአሜሪካ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ ወዲያው በሚላክበት አገልግሎት) ወይም በጥሬው የሰጠ ሰው ግን ይህ በር የለውም።