ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ ፎቶ የማን ነው?

«ፌስቡክ ላይ ወጥቷል፤ ታዲያ የማን ሊባል ነው?» ይህን ሐዋሳ ውስጥ በየካፌው ትሰሙታላችሁ። ትክክል አይደለም።

አንድ ልጅ በማለዳ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርዶ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አጥማጆቹን እጅ እጅ ሲያዩ ፎቶ አነሳ እንበል። ፎቶው ላይ ምልክቱን ወይም ሙሉ ስሙንና አድራሻውን ካኖረ የቅጂ መብቱ (ኮፒራይቱ) የእሱ ነው። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ማስመዝገብ አይጠበቅበትም። ለፎቶ ጥበቃው 25 ዓመት ይቆያል። ለመጽሐፍ ግን ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ነው።

ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው፦ ሐሳብ በኮፒራይት አይያዝም። እናንተም ሄዳችሁ እነዚያኑ ወፎች ማንሳት ትችላላችሁ። የልጁን ፎቶ ግን ሳያስፈቅዱ፣ ስሙን ቆርጦ የሆቴል ማስታወቂያ ወይም የምርጫ ባነር ላይ ማዋል አይቻልም። ፓርቲው እናንተ የምትደግፉት መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። እንዲያውም ልጁ ሳያውቅ እንደ ደጋፊ ሊቆጠር ይችላል፤ እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የሕግና የአዋጅ ጽሑፎችስ? እነሱ የኮፒራይት ጥበቃ የላቸውም፤ እንደልብ ቅዱ። ለፎቶው ግን ኢንቦክስ ገብታችሁ «ልጠቀምበት?» በሉት። ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ።