ቪኔሽ ፎጋት፦ ስለ 100 ግራሟ እና ስለ ትግል ሕይወቷ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ህንዳዊቷ የነጻ ትግል ተወዳዳሪ ቪኔሽ ፎጋት በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ለፍጻሜ አልፋ አደረች፤ በማግሥቱ ጠዋት ሚዛን ላይ 100 ግራም በልጣ ስለተገኘች ከውድድሩ ተሰረዘች። ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን ሲያዳርስ ስህተቱም አብሮት ተዛመተ። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«100 ግራም ምን አላት? አንድ ብርጭቆ ውኃ ብትተው ይበቃት ነበር»

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መውረድ የነበረበት 100 ግራም ብቻ አልነበረም። ኦገስት 6 ጠዋት በ50 ኪሎ ምድብ ስትመዘን 49.9 ኪሎ ነበረች። እዚያ ለመድረስ ሰውነቷን ያደረቀች ተወዳዳሪ በባዶ ሆድ ሦስት ግጥሚያ መግጠም አትችልም። ከሚዛን እንደወረደች መብላትና ፈሳሽ መውሰድ አለባት፤ አለዚያ ጉልበት ይከዳታል፣ ጡንቻዋም ይሸማቀቃል። የህንድ ቡድን ዋና ሐኪም እንደገለጹት፣ የግማሽ ፍጻሜው ግጥሚያ ሲያበቃ ክብደቷ ከተፈቀደው በ2.7 ኪሎ በልጦ ነበር።

ይህ ሁሉ እስከ ንጋት መውረድ ነበረበት። ምግብና ውኃ ተከለከለች፤ ሌሊቱን በሳውናና በእንቅስቃሴ ስታልብ አደረች። ጸጉሯ ተቆረጠ፣ የልብሷ ጫፍ ሳይቀር አጠረ። ያ ሁሉ ሆኖ ሚዛኑ 50.1 አለ። ላብ የሚወጣው ሰውነት ውስጥ ፈሳሽ ሲኖር ነው፤ ፈሳሹ ሲሟጠጥ የፈለገውን ያህል ሙቀት ቢኖር ቆዳው ደረቅ ይሆናል። የመጀመሪያው ኪሎ ቶሎ ይወርዳል፣ የመጨረሻዋ 100 ግራም ግን አልንቀሳቀስም ትላለች። ያን ጠዋት በአትሌቶች መንደር ክሊኒክ ግሉኮስ የተሰካላትም ለዚህ ነው።

ሌላው ነገር ጊዜው ነው። በሁለተኛው ቀን ለሚዛን የሚሰጠው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዋ የትግል ማሊያዋን ለብሳ ትመዘናለች፤ ለማሊያው ተብሎ የሚቀነስ ክብደት የለም። በአንዳንድ ዓለም አቀፍ ውድድሮች 2 ኪሎ ድረስ ይታለፋል፣ በኦሊምፒክ ግን አይታለፍም።

«ለፍጻሜ ካለፈች ቢያንስ የብር ሜዳሊያው ይገባት ነበር»

ደንቡ እንዲህ አይልም። ከ2018 ወዲህ እያንዳንዱ ምድብ በሁለት ቀን ይጠናቀቃል፤ በሁለቱም ቀን ጠዋት ሚዛን አለ። የዓለም አቀፉ ትግል ማኅበር ደንብ አንቀጽ 11 እንደሚለው፣ በአንዱ ሚዛን የወደቀ ተወዳዳሪ ከውድድሩ ይሰረዛል፣ በዝርዝሩም ያለ ደረጃ መጨረሻ ላይ ይሰፍራል። የቀድሞ ቀን ድሎቹ አብረው ይጠፋሉ። በግማሽ ፍጻሜ በቪኔሽ 5 ለ 0 የተሸነፈችው ኩባዊቷ ዩስኔይሊስ ጉስማን በእሷ ምትክ ፍጻሜ ገብታ ብር ወሰደች፤ ወርቁን አሜሪካዊቷ ሳራ ሂልደብራንት አገኘች።

ቪኔሽ የጋራ ብር እንዲሰጣት ለስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት አመለከተች፤ ኦገስት 14 ውድቅ ሆነባት። ዳኛዋ ግን ደንቡን ከማጽናት ጋር ቅጣቱ እጅግ የከበደ መሆኑን ጽፈዋል፤ ውጤቱ የተሰረዘችበትን ዙር ብቻ ቢነካ ይበልጥ ፍትሐዊ እንደሚሆንም ጠቁመዋል። ልክ ነው፤ በሕጋዊ ክብደት የተገኘ ድል በሌላ ቀን ሚዛን መሰረዙ አያሳምንም።

«ተሰርዛለች» የሚለውን ሰምተው ዶፒንግ የመሰላቸውም አሉ። ከዶፒንግ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

«ሱሳኪን በዕድል ነው ያሸነፈቻት»

ጃፓናዊቷ ዩዊ ሱሳኪ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ነበረች፤ ያንንም ያገኘችው አንድ ነጥብ ሳይቆጠርባት ነው። በዓለም አቀፍ መድረክ 82 ጊዜ ገጥማ አንድም ጊዜ አልተሸነፈችም ነበር። ዕጣው በመጀመሪያው ግጥሚያ ቪኔሽን ከእሷ ጋር አገናኘ።

ግጥሚያው ሁለት የ3 ደቂቃ ዙሮች አሉት። ቪኔሽ ለማጥቃት አልቸኮለችም፤ ተከላከለች። ይህ ዋጋ አለው፦ ዳኛው አላጠቃሽም ብሎ የ30 ሰከንድ ሰዓት ሲያስጀምርባት፣ በዚያ ጊዜ ነጥብ ካላገኘች ተጋጣሚዋ 1 ነጥብ ታገኛለች። በዚህ መንገድ 2 ለ 0 ተመራች፤ ሱሳኪ ግን በራሷ ጥቃት አንድም ነጥብ አላገኘችም። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሲደርሱ ቪኔሽ ገብታ ጣለቻትና 2 ነጥብ ወሰደች፤ 2 ለ 2። እኩል ሲሆን የምታሸንፈው በአንድ ጥቃት ትልቁን ነጥብ ያገኘችው ናት፤ ባለ 2 ነጥብ ጥቃት ከሁለት ባለ 1 ይበልጣል። የጃፓን አሰልጣኞች በቪዲዮ እንዲታይ ጠየቁ፣ ጥያቄያቸው ሲወድቅ 1 ነጥብ ለቪኔሽ ተጨመረ፤ 3 ለ 2። ይህ ታስቦበት የተጠበቀ ድል እንጂ ዕድል አይደለም። ቀጥላም ዩክሬናዊቷን ኦክሳና ሊቫችን 7 ለ 5 አሸነፈች።

«ቀላል ሜዳሊያ ፈልጋ ነው 50 ኪሎ የወረደችው»

ዋና ምድቧ 53 ነበር። በኦገስት 2023 የጉልበት ቀዶ ሕክምና ስታደርግ የህንድን የ53 ኪሎ የኦሊምፒክ ቦታ ወጣቷ አንቲም ፓንጋል በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አስገኘች። ኦሊምፒክ ላይ ለሴቶች ያሉት ምድቦች 50፣ 53፣ 57፣ 62፣ 68 እና 76 ብቻ ናቸው። ቪኔሽ በ2024 መጀመሪያ በ55 ኪሎ የአገሯ ሻምፒዮን ሆና ነበር፤ 55 ግን ኦሊምፒክ ላይ የለም። ወደ ላይ 57 አለ፣ እዚያም ከእሷ የሚከብዱ ይጠብቋታል። ስለዚህ 50ን ያዘች፤ በኤፕሪል 2024 በኪርጊስታን ዋና ከተማ ቢሽኬክ ላይም የኦሊምፒክ ቦታውን አገኘች።

«በህንድ ፊልሙ ላይ ያለችው ልጅ እሷ ናት»

አይደለችም። ብዙ ሰው ያየው «ዳንጋል» የተባለው ፊልም የአጎቷ ልጆች የጊታና የባቢታ ታሪክ ነው። ቪኔሽ በሃሪያና ግዛት ባላሊ መንደር የተወለደችው በ1994 ነው። አባቷ የተገደሉት ልጅ ሳለች ሲሆን ትግል ያስተማሯት አጎቷ ማሃቪር ሲንግ ፎጋት ናቸው።

«ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስለሌላት ሥራዋ ከንቱ ነው»

በ2014፣ 2018 እና 2022 በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ወርቅ ወሰደች፤ በ48፣ በ50 እና በ53 ኪሎ፣ ማለትም በሦስት ምድብ። በ2018 ጃካርታ ላይ የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ህንዳዊት የትግል ስፖርተኛ ናት። በ2019 እና በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አላት። በሪዮ 2016 ሩብ ፍጻሜ ላይ ጉልበቷ ተጎድቶ በቃሬዛ ወጥታ ነበር፤ ከላይ ያሉት ድሎች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። በትግል ለህንድ ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጣችው ግን ሳክሺ ማሊክ ናት፣ በሪዮ ነሐስ፤ ሁለቱን የሚያምታቱ አሉ።

«ትታ ፖለቲከኛ ሆነች፣ አበቃላት»

ኦገስት 8, 2024 ማቆሟን አስታወቀች፤ በኦክቶበር ከጁላና የምርጫ ክልል ለሃሪያና ምክር ቤት ተመረጠች። በዲሴምበር 2025 ግን ሐሳቧን ቀይራ ለሎስ አንጀለስ 2028 እንደምትመለስ አሳወቀች።