«ሰው የለኝም»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በመጣ ቁጥር የመፃጉዕን ታሪክ እንሰማለን። 38 ዓመት የታመመ ሰው ነው። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው ስለ በሽታው አንድም ቃል አልተናገረም። «በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» አለ (ዮሐ. 5፥7)። በመጠመቂያይቱ ዙሪያ ያለው አምስቱ መመላለሻ በሕዝብ ተሞልቶ ሳለ!

ጌታማ ብዙ ዘመን እንደታመመ ያውቅ ነበር፤ ወንጌሉም «አውቆ» ይላል። ሆኖም ጠየቀው፤ የሆዱን በገዛ አፉ አናገረው። ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ የሚሄድ ሰውም አስቀድሞ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ባለሙያው እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ ከማን ጋር እንደሚውል ይጠይቀዋል፤ ሳያቋርጥና ሳይፈርድ ይሰማዋል።

እኛስ? ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በግቢው ጥግ የተቀመጠችውን እኅት «ደኅና ነሽ?» እንላታለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እስክትል እንኳ አንቆምም። ከጽዋ ማኅበር ስትቀር እርስ በርሳችን «ምን ሆና ነው?» እንባባላለን እንጂ እሷን አንጠይቅም። ደፍራ «መኖር አስጠላኝ» ካለችማ መልሳችን ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፦ «ጸሎት ቀንሰሽ ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ያልተናዘዝሽው ነገር ይኖራል»። ሐኪም ጋ ልሂድ ስትል ደግሞ «አማኑኤል ልትገቢ ነው?» ብለን እንስቅባታለን። በአምላካችን ስም የተጠራውን ሆስፒታል ስድብ ያደረግነው እኛው ነን!

«ጌታ ራሱ ከእንግዲህ ኃጢአት አትሥራ ብሎታል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ብሎታል። መቼ? ካዳነው በኋላ፣ በመቅደስ ሲያገኘው (ዮሐ. 5፥14)። ጌታ በመጨረሻ የተናገረውን እኛ መግቢያ አደረግነው። ደግሞስ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠይቁት «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ የለ? ንስሐ ለኃጢአት ነው፤ ኀዘን ሁሉ ግን ኃጢአት አይደለም።

ጠበል አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንድ አምላክ ነው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር ይለናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ የምትመክሩ ግን እግዚአብሔርን ፍሩ፤ ነፍስ በእጃችሁ እንዳትጠፋ።

«የረዳሁት ሁሉ ከዳኝ፣ የሰው ነገር በቃኝ» የምትሉም አላችሁ። አይዟችሁ፤ ድካማችሁ ይገባኛል። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው ይኸው መፃጉዕ ነው። ጌታ «አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» ያለው ይህን እያወቀ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።