«ነዋሪን ማሳተፍ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ውሃ ቆጣቢና የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም የከተማ አረንጓዴ ስፍራ ሲታቀድ «ነዋሪው ተሳትፏል» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ያደናግራል፤ ማሳወቅ፣ ማማከርና አብሮ መወሰን የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ በአንድ ቃል ይጠራሉና። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ ተሳትፎን 8 ደረጃዎች ባሉት መሰላል መስላ፣ ማሳወቅን 3ኛው፣ ማማከርን 4ኛው፣ አጋርነትን ደግሞ 6ኛው ደረጃ ላይ አስቀምጣለች። ያለቀ ንድፍ አሳይቶ አስተያየት መቀበል እንግዲህ ከማማከር አያልፍም።

ልዩነቱ መሬት ላይ ጎልቶ ይታያል። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 2,000 ሊትር ያህል ውሃ ይወርዳል፤ መጠኑን መሐንዲሱ ያሰላዋል፣ ውሃው የትኛው ደጃፍ ላይ እንደሚተኛና ልጆች በየትኛው አቋራጭ እንደሚያልፉ ግን አጥርቶ የሚያውቀው በየቀኑ የሚመላለስበት ሰው ነው። ስለዚህ የዝናብ ውሃ የሚሰርግበት የአትክልት መደብ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ንድፉ ከመሠራቱ በፊት ለነዋሪው ሊቀርብ ይገባል። ጥገናውም ከዚሁ ጋር አብሮ መነሳት አለበት፤ ድርቅ የሚችል ተክል እንኳ ሥር እስኪሰድ ድረስ ውሃ ስለሚፈልግ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማን እንደሚያጠጣው ከነዋሪው ጋር ሳይወሰን ቀርቶ ተክሉ ሲደርቅ ጥፋቱን ባልተጠየቀው ነዋሪ ላይ ማላከክ በእኔ እምነት ፍትሐዊ አይደለም።